የታክሲው ታሪክና የወረቀቱ ታሪክ፦ ከሌጎስ ወደ ሂውስተን
(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የታሪክ ትምህርት ክፍል ስለ ቅርጫት ኳስ ንግግር ያዘጋጃል ሲባል የተገረማችሁ እንደማትጠፉ እገምታለሁ። እኔ ዛሬ የማነሣው ጨዋታውን እምብዛም አይነካም፤ ጉዳዬ መንገዱ ነው። አንድ ወጣት ከአንድ የአፍሪካ ከተማ ተነሥቶ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ እስኪቆም ድረስ በማን እጅ ያልፋል? ምን ያስቆመዋል? ታሪኩንስ የሚተርከው ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በዋናነት በአንድ ሰው ሕይወት ላይ አነሣለሁ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች እሻገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ሲነገር እንዲህ ነው። በኦክቶበር 1980 አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ናይጄሪያዊ ከሌጎስ ተነሥቶ ኒው ዮርክ ይደርሳል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ብቅ ሲል ብርዱ ይቀበለዋል፤ እንዲህ ያለ ብርድ ቀምሶ አያውቅምና ወደ ሞቃቱ ደቡብ ጉዞውን ይቀጥላል። ሂውስተን ሲደርስ የሚጠብቀው ሰው የለም። ስልክ ይደውላል፤ ታክሲ ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው እንዲመጣ ይነገረዋል። የታክሲው ነጂ አነጋገሩን በቅጡ ሳይለየው ቀርቶ «ሂውስተን» ያለውን «ኦስቲን» መስሎት ወደ ሌላ ከተማ ሊወስደው ነበር የሚሉም አሉ። በመጨረሻ ከታክሲው የወረደው ወጣት ቁመቱ ሁለት ሜትር ከስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ስሙ ሐኪም ኦላጁዎን ይባላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። በ1984 በኤንቢኤ ዓመታዊ የተጫዋቾች ምርጫ ከሁሉ ቀድሞ ተጠራ፤ በዚያ ዓመት ማይክል ጆርዳን የተጠራው ሦስተኛ ሆኖ ነው። በ1994 እና በ1995 የሂውስተን ሮኬትስን ቡድን ለተከታታይ ሁለት ዋንጫዎች አበቃ። ታክሲውም የዚህ ሁሉ መነሻ ሆኖ በአሜሪካ የስፖርት ጸሐፊዎች ዘንድ ሲነገር ኖረ።

ይህን ትረካ ሐሰት ነው ለማለት አልመጣሁም። ችግሩ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ትረካው የሚጀምረው ከአውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ወጣቱ ከዚያ በፊት ያልነበረ ይመስላል። ይህ ዓይነት አተራረክ ለእኛ አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የወንዙን ምንጭ «አገኘሁ» ሲል፣ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያው ቦታ ቆሞ እንደ ነበር ትተነው፣ የሰከላ ገበሬ ከዚያ ምንጭ ጠበል ሲጠጣ የኖረው ለስንት ትውልድ ነው? «ተገኘ» የሚለው ግስ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይደብቃል። በኦላጁዎን ታሪክ ውስጥ የተደበቁት ሰዎች የሌጎስ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ወደ ሌጎስ እንሂድ። ኦላጁዎን በጃንዋሪ 1963 በዚያች ከተማ ከዮሩባ ቤተሰብ ተወለደ። ወላጆቹ ሲሚንቶ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ድሃ አልነበሩም፤ ልጃቸው እንዲማር እንጂ ኳስ እንዲጫወት የሚገፋፉ ሰዎችም አልነበሩም። ልጅነቱ ከነዳጅ ገቢው ዘመን ጋር የገጠመ ነው። በ1973 ሁለተኛው የመላ አፍሪካ ጨዋታዎች በሌጎስ ሲካሄዱ በሱሩሌሬ ሠፈር የተሠራው ብሔራዊ ስታዲየም ገና አዲስ ነበር። መንግሥት ለስፖርት ገንዘብ የሚያወጣበት፣ ክፍላተ ሀገር እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩበት፣ ትምህርት ቤቶች ለየውድድሩ ቡድን የሚልኩበት ጊዜ ነው። ኦላጁዎን ይማር የነበረበት የሙስሊም መምህራን ኮሌጅ ከነዚህ አንዱ ነው።

በዚያ ኮሌጅ የእጅ ኳስ ተጫዋች ነበር። በእግር ኳስ ደግሞ ግብ ጠባቂ። ቅርጫት ኳስን የነካው ዕድሜው ከአሥራ አምስት ካለፈ በኋላ፣ ሰሜን ናይጄሪያ ሶኮቶ ላይ ከተካሄደ የመምህራን ኮሌጆች የስፖርት በዓል ጋር በተያያዘ አጋጣሚ ነው። ብዙ ጸሐፍት ይህን «ጨዋታውን ዘግይቶ ጀመረ» ብለው እንደ ጉድለት ያወሩታል። እኔ ግን ነገሩን ከዚህ በተቃራኒ ነው የማየው። የእጅ ኳስ ተጫዋች ዘልሎ አየር ላይ እያለ አቅጣጫ መቀየር ይማራል፤ ግብ ጠባቂ ደግሞ ኳስ ከአጥቂው እግር ሳትለቅ ወዴት እንደምትሄድ መገመት ይማራል። ኦላጁዎን በኋላ ዓለም ያደነቀለትን የእግር እንቅስቃሴ፣ ግራ ያሳየውን ተከላካይ በቀኝ የሚያልፍበትን ያንን ዙረት፣ ከእግር ኳስና ከእጅ ኳስ እንዳመጣው ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ሂውስተን የደረሰው ባዶ ሰሌዳ አልነበረም። በሌጎስ ሜዳዎች፣ በሌጎስ አሠልጣኞች እጅ ግማሹ ተጽፎበት ነበር።

ከኮሌጁ ቡድን ወደ ሌጎስ ክፍለ ሀገር ቡድን፣ ከዚያ ወደ ናይጄሪያ ብሔራዊ ቡድን አለፈ። በ1980 አንጎላ በተደረገ አህጉራዊ ውድድር ላይ ክሪስቶፈር ፖንድ የተባለ አሜሪካዊ ተመለከተው። ፖንድ በዚያን ጊዜ የማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክን ቡድን ያሠለጥን ነበር። የአፍሪካ ቡድን የሚያሠለጥን አሜሪካዊ ማየት በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም። የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ናይጄሪያ የገቡት በ1961 ነው፤ እኛ አገር በ1962። ከጠመኔውና ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ኳስ ይዘው የመጡም ነበሩባቸው፤ ታላላቆቻችሁን ብትጠይቁ የሚያስታውሱ አታጡም። ፖንድ ለአሜሪካ አሠልጣኞች ስልክ ደወለ፤ ኦላጁዎን የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎችን እየዞረ እንዲጎበኝ ነገሩን አመቻቸ። የኒው ዮርኩ ማረፊያም የዚሁ ዕቅድ አካል ነበር፤ ቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ይገኛልና። እንግዲህ ታክሲው ከመያዙ በፊት ኮሌጅ አለ፣ የክፍለ ሀገር ቡድን አለ፣ ብሔራዊ ቡድን አለ፣ አህጉራዊ ውድድር አለ፣ የስልክ ጥሪ አለ፣ የአየር ትኬት አለ፣ በኤምባሲ የታተመ ቪዛ አለ። ታክሲው የመጨረሻው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው።

ይህ የመንገዱ አንድ ጫፍ ነው። ሌላው ጫፍ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ እሱም በራሱ አልተከፈተም።

ኦላጁዎንን የተቀበለው ጋይ ሉዊስ በ1964 ኤልቪን ሄይስንና ዶን ቼኒን ያመጣ አሠልጣኝ ነው። እነዚህ ሁለቱ ለሂውስተን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩ። 1964 የሲቪል መብቶች ሕግ የወጣበት ዓመት መሆኑን አስታውሱ። ከሌጎስ የመጣው ወጣት የገባበት በር ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት በጥቁር አሜሪካውያን ትከሻ የተገፋ በር ነው። ይህን ሳይናገሩ ስለ አፍሪካውያን ተጫዋቾች መጻፍ፣ ከጣሪያው ጀምሮ ቤት እንደ መሥራት ይመስለኛል።

ሁለተኛው በር የተከፈተው በፍርድ ቤት ነው፤ ስለዚህኛው በደንብ የማወራው በየመጽሐፉ ስለማይገኝ ነው። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚያስተዳድረው፣ በምህጻሩ ኤንሲኤኤ የሚባለው ማኅበር፣ የውጭ ዜጎችን የሚመለከት አንድ ደንብ ነበረው። አንድ የውጭ ተማሪ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሞላው በኋላ በአገሩ በተደራጀ ውድድር የተሳተፈባቸው ዓመታት፣ በአሜሪካ ኮሌጅ ከሚፈቀዱለት የጨዋታ ዓመታት ላይ ይቀነሱበታል። ያንኑ ያደረገ አሜሪካዊ ግን አይቀነስበትም። ሃያ አንድ ዓመት ሆኖት የመጣ የትሪኒዳድ ወይም የናይጄሪያ ልጅ በሠፈሩ ክለብ መጫወቱ እንደ ዕዳ ይቆጠርበት ነበር ማለት ነው።

በዋሽንግተን የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ታሪካዊው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ በ1971 የኮሌጆች የእግር ኳስ ሻምፒዮን ሆነ። አሠልጣኙ ሊንከን ፊሊፕስ የትሪኒዳድ ሰው ነው፤ ተጫዋቾቹም በአብዛኛው ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡ ነበሩ። ማኅበሩ መረመረ፤ ዋንጫውንም ነጠቀ። ሃዋርድ ከሰሰ። በ1973 ዳኛ ጌርሃርድ ጌሰል የውጭ ተማሪዎችን የሚለየው ያ ደንብ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ፈረዱ፤ በ1975 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አጸናው። ዋንጫው ግን አልተመለሰም፤ ሌሎች የደንብ ጥሰቶች ተጠቅሰውበት ነበርና። በዚህ መካከል በ1974 ሃዋርድ እንደገና ለፍጻሜ ቀርቦ በአራተኛው ጭማሪ ሰዓት አሸንፎ ዋንጫውን በሜዳ ወሰደ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በየቀኑ በአጥሩ ጥግ የሚያልፉ ሁሉ ይህን ክርክር ይወቁት አይወቁት እንጃ። ኦላጁዎን ሲመጣ ዕድሜው ገና ዐሥራ ሰባት ስለ ነበር ያ አሮጌ ደንብ ቢኖርም በቀጥታ አይነካውም ነበር። ነገር ግን ውጭ አገር የተወለደ ተጫዋችም እንደማንኛውም ተማሪ ሊመዘን ይገባል የሚለው ሐሳብ በሕግ ፊት የቆመው በሃዋርድ ጉዳይ ነው።

ያም ሆኖ ኦላጁዎን የ1980–81ን የውድድር ዘመን ተቀምጦ አሳለፈ። ከማኅበሩ የመጫወት ፈቃድ አልተገኘለትም። ልምምድ ይሠራል፣ ይማራል፣ ጨዋታ ግን የለም። ዝነኞቹ ትረካዎች ይህን ዓመት በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። የወጣቱን ሁኔታ ለአፍታ አስቡት፤ ከቤቱ እጅግ ርቆ፣ በሁለተኛ ቋንቋ እየተማረ፣ ለመጣበት ነገር መቼ እንደሚበቃ ሌሎች ሰዎች በወረቀት ላይ እስኪወስኑለት ይጠብቃል። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ የቪዛ ቀጠሮ ወይም የአይ-ሃያ ቅጽ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ሁኔታውን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። (ሳቅ)

ስሙም ላይ አንድ ነገር ደረሰ። በዩኒቨርሲቲው መዝገብ፣ ከዚያም በጋዜጣና በቴሌቪዥን ስሙ የመጀመሪያዋን «ሐ» አጥቶ «አኪም» እየተባለ ተጻፈ። ይህ ስሕተት ሁለት ዋንጫ የሚወስድለት ክለብ ከገባ በኋላም ቀጠለ። ትክክለኛው አጻጻፍ «ሐኪም» መሆኑን በይፋ ያሳወቀው በ1991 ነው፤ ከመጣ ከዐሥር ዓመት በኋላ። እኛ የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎብን፣ የአያታችን ስም የት እንደ ገባ ሳናውቅ በባዕድ አገር መዝገብ የገባን ሰዎች ይህችን ትንሽ ነገር ትንሽ አናደርጋትም።

ከተፈቀደለት በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በበጋ ፎንዴ በተባለ የሂውስተን የመዝናኛ ማዕከል ከሞዘስ ማሎን ጋር ይጋጠም ነበር። ማሎን በ1974 ኮሌጅ ሳይረግጥ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሙያተኞች ሊግ የገባ፣ በዚያ ወቅት ከአገሪቱ ታላላቆች አንዱ የነበረ ሰው ነው። የኮሌጁ ልጅ ትልቁን ትምህርቱን የተማረው ኮሌጅ ካልገባ ሰው መሆኑ ያስደስተኛል። ቡድኑ በ1982 እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በሰሜን ካሮላይና ተሸነፈ። በ1983 ለፍጻሜ ደርሶ በሰሜን ካሮላይና ስቴት በመጨረሻዋ ሰከንድ በገባች ኳስ 54 ለ 52 ተረታ፤ ከተሸናፊው ወገን ሆኖ የውድድሩ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ኦላጁዎን ነው። በ1984 ደግሞ በፍጻሜው ከጆርጅታውን ጋር ተገናኘ። የጆርጅታውን ምሰሶ ፓትሪክ ኢዊንግ የተወለደው ጃማይካ ኪንግስተን ነው። በአሜሪካ የኮሌጅ ፍጻሜ ላይ ሁለቱም ወገኖች የተመኩባቸው ግዙፎች ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱ ነበሩ። ጆርጅታውን 84 ለ 75 አሸነፈ። ሁለቱ ከዐሥር ዓመት በኋላ በኤንቢኤ ፍጻሜ እንደገና ሲፋጠጡ ዋንጫው የኦላጁዎን ሆነ።

ወረቀቱ ግን አሁንም አልተወውም። በ1993 የአሜሪካ ዜግነት አገኘ፤ በ1996 ለአሜሪካ በአትላንታ ኦሎምፒክ ለመሰለፍ ሲነሣ ግን በወጣትነቱ ለናይጄሪያ መጫወቱ እንቅፋት ሆነ። የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ልዩ ፈቃድ ሰጥቶት ነው ወርቁን ለማጥለቅ የበቃው። የሌጎስ ዘመኑን የአሜሪካ ትረካ ቢረሳውም፣ መዝገቡ አልረሳውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው ልሻገር፤ የእሱ ታሪክ ከኦላጁዎን ይልቅ ለእኔ አስተማሪ ነው፤ ምክንያቱም መንገዱ በግማሽ ተሰብሯል። ማኑት ቦል የደቡብ ሱዳን ዲንካ ነው፤ ቱራሌይ ከምትባል ቦታ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ገደማ። ዘመዱ ወደ ቅርጫት ኳስ ሳበው፤ ወደ ካርቱም ሄዶ ተጫወተ። በ1982 ዶን ፊሊ የተባለ አሜሪካዊ አሠልጣኝ የሱዳንን ቡድን ለማሠልጠን ካርቱም መጣ፤ ቦልንም ወደ አሜሪካ እንዲሄድ አግባባው። እዚህ ድረስ የሌጎሱ ታሪክ ቅጂ ይመስላል።

ቦል አሜሪካ የደረሰው ግን በአንድ እንግዳ ፓስፖርት ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ተብሎ ተመዝግቦበታል። ሲለካ ተቀምጦ ስለ ነበር ነው የሚለው ማብራሪያ በሰፊው ተነግሯል። የልደት ቀኑም ቢሆን ሲያከራክር ኖሯል። ይህን የአሜሪካ ጋዜጦች እንደ ቀልድ ሲጽፉት ነበር። ለእኛ ቀልድ ሊሆን አይገባም። «ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት» ወይም «የኮረሪማው ዋጋ የናረ ጊዜ» ተወለድክ የሚሉ እናቶች ያሳደጉት ሕዝብ ነን። በእኛና በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር መካከል ያለችው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት በአንድ ጸሐፊ ብዕር ስንቱን ወገናችንን በፓስፖርት ላይ አስረጅታለች፣ ስንቱንስ ልጅ አድርጋለች። የልደት ወረቀት የሌለው ሰው ልደት የለውም ማለት አይደለም፤ ዕድሜውን በስፖርት ደንብ ቋንቋ ማስረዳት ግን አይችልም።

በ1983 ሳን ዲዬጎ ክሊፐርስ ቦልን በምርጫው ጠሩት፤ ሊጉ ምርጫውን ውድቅ አደረገው። ከዚያ ወደ ክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተወሰደ። እንግሊዝኛ ተማረ፤ ነገር ግን ቋንቋው ለመግቢያ አልበቃ ብሎ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። የሚገርመው ከዓመታት በኋላ በ1988 ማኅበሩ ክሊቭላንድ ስቴትን ለቦልና ለሌሎች ሁለት አፍሪካውያን ተጫዋቾች ያልተፈቀደ ድጋፍ ሰጥቷል ብሎ መቅጣቱ ነው። ላልተጫወተ ተጫዋች ቅጣት! ደንቡ ያልተፈቀደ የሚለው ድጋፍ፣ ቋንቋ ለማያውቅና ዘመድ ለሌለው የገጠር ልጅ ከሆነ ቤትና ምግብ ከመስጠት በምን ይለያል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲው ንጹሕ ነበር እያልሁ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ልጅ ለማስመጣት የተጣደፈ ሁሉ ስለ ልጁ ብቻ አስቦ አይደለም የተጣደፈው። ሆኖም ደንቡ የተጻፈው ቤተሰቡ በመኪና ሁለት ሰዓት ርቀት ላይ ለሚኖር ተማሪ ነው።

በመጨረሻ ቦል ኮነቲከት ውስጥ ብሪጅፖርት ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በሁለተኛው ዲቪዚዮን የሚጫወት ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። የ1984–85ን የውድድር ዘመን ተጫወተ፤ በአማካይ በየጨዋታው ሰባት ያህል ኳስ ከአየር ላይ እየመታ ይመልስ ነበር። ሰው እሱን ለማየት ይጎርፍ ጀመር። በ1985 ዋሽንግተን ቡሌትስ ወሰዱት። ኮሌጅ ላይ የቆየው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። በሊጉ ያገኘውን ገንዘብ ለደቡብ ሱዳን ጉዳይ ሲያወጣ ኖሮ በ2010 ዐረፈ።

ስለ ዲኬምቤ ሙቶምቦ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ አንዲት ነገር ብቻ ላንሣ። ከኪንሻሳ በ1987 ጆርጅታውን የገባው ሐኪም ለመሆን፣ በአሜሪካ የልማት ድርጅት የነፃ ትምህርት ዕድል ነው። ወረቀቱ በስፖርት ስም አልተጻፈም። ምናልባትም ስለዚህ ይሆናል በ1991 በቋንቋ ጥናትና በዲፕሎማሲ ተመርቆ የወጣው፤ መንገዱ በመጀመሪያ የተማሪ መንገድ ነበርና።

ቦል አንድ ነገር ትቶ አለፈ። ሉዎል ዴንግ የተባለ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ከሱዳን ወደ ግብፅ ተሰዶ ሳለ ቅርጫት ኳስን ከቦል ተማረ። ከግብፅ ወደ ብሪታንያ፣ በዐሥራ አራት ዓመቱ ወደ ኒው ጀርሲ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወደ ዱክ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2004 ወደ ኤንቢኤ። ጫማ ከሰቀለ በኋላ የደቡብ ሱዳንን የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን መራ። በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ደቡብ ሱዳን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርጫት ኳስ ቀርባ ፖርቶ ሪኮን አሸነፈች። በዚያ ቡድን ውስጥ ዐሥራ ሰባት ዓመት የሆነው ካማን ማልዋች ነበር፤ ኦላጁዎን ከሌጎስ ሲነሣ የነበረው ዕድሜ።

የማልዋች መንገድ ላይ ታክሲ የለም። በሩምቤክ ተወልዶ በኡጋንዳ በስደት አደገ፤ ሴኔጋል የሚገኘው የኤንቢኤ አካዳሚ ገባ፤ በ2021 በኪጋሊ በተጀመረው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ተጫወተ፤ ከዚያ ዱክ። በአርባ ዓመታት ውስጥ የአንድ አሠልጣኝ የስልክ ጥሪ ወደ ተቋም ተለውጧል። መንገዱ አስፋልት ሆኗል ብሎ መናገር ይቻል ነበር፤ ወረቀቱ ባይኖር።

ስለ ወረቀቱ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛው የቆየ ነው። የአሜሪካ የስደት ሕግ ለተማሪ ቪዛ የሚያመለክትን ሰው ወደ አገሩ እንደሚመለስ እንዲያሳምን ያስገድደዋል። ዓለም ሁሉ ወደ ኤንቢኤ እንደሚሄድ የሚጠብቀው ልጅ በመስኮቱ ፊት ቆሞ ተመላሽ ነኝ ይላል። ሁለተኛው አዲስ ነው። ከጁላይ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው። የተማሪ ቪዛ የያዘ ግን ከግቢ ውጭ መሥራት በአብዛኛው አይፈቀድለትም። በ2022 የአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የተባለው ኮንጓዊው ኦስካር ቺብዌ፣ ቡድኑ ወደ ባሃማስ ሲጓዝ የማስታወቂያ ሥራዎቹን እዚያ ሠራ፤ አሜሪካ ውስጥ ቢሠራው ቪዛውን ያጣ ነበርና። አጠገቡ የተቀመጠው የኬንታኪ ልጅ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚያገኘውን እሱ ባሕር ተሻግሮ ያገኘዋል። የሃዋርድ ክስ የሰረዘው ልዩነት በሌላ በር ተመልሶ ገባ ብል አልተሳሳትሁም፤ ልዩነቱ አሁን ያለው በስፖርቱ ደንብ ውስጥ ሳይሆን በስደት ሕጉ ውስጥ መሆኑ ነው።

አፕሪል 5 ቀን 2025 ቅዳሜ ነበር። በሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ፣ የኮሌጆች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ይካሄዳል፤ ዱክ ከሂውስተን ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያው ኦላጁዎን ከታክሲ ከወረደበት ትምህርት ቤት ጋር ተመድቧል። በዚያው ዕለት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ፣ የደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የያዙ ሰዎች ሁሉ ያላቸው ቪዛ ወዲያውኑ እንደ ተሰረዘ አስታወቁ። ምክንያቱ የጁባ መንግሥት አሜሪካ ያባረረችውን አንድ ሰው አልቀበልም ማለቱ ነበር፤ ጁባም ሰውየው የእኛ ዜጋ አይደለም፣ ኮንጓዊ ነው ብላ ትከራከር ነበር። ከቀናት በኋላ ተቀበለችው። ማልዋች ከዚህ ክርክር ጋር ፓስፖርቱ ካልሆነ በቀር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ነገሩን እየተከታተለ መሆኑን ገለጸ። በዚያች ምሽት ማልዋች ሜዳ ገብቶ ተጫወተ። ሂውስተን 70 ለ 67 አሸነፈ፤ ጋዜጠኞችም በማግሥቱ ስለ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጻፉ።

በጁን በተካሄደው ምርጫ ዐሥረኛ ሆኖ ተጠራ። ስሙን ያስጠሩት ሂውስተን ሮኬትስ ናቸው፤ ውሉ ግን ቀድሞ በተስማሙበት ልውውጥ ወደ ፊኒክስ ተላልፏል። ባለፈው ጊዜ አንድ ተማሪ ከኦላጁዎንና ከማልዋች የማን መንገድ ይቀላል ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ኦላጁዎን የሚጠብቀው ሰው አልነበረም፤ ማልዋችን ብዙ ሰው ይጠብቀው ነበር፤ ከሁለቱ ቪዛው በአንድ ቀን መግለጫ የተሰረዘበት ግን ሁለተኛው ነው። ጥያቄ ያላችሁ ማይክሮፎኑ ከኋላ በኩል አለ።